ፊርማ የሌለው ሾፌር

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ አጅማን፣ ከባሕሩ ዳር፣
ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የጨዋታው ቤት በሩ ሲቀረቀር፣
አምስት ቁጥሯን መኪና ሆዷን ከፍቼ ተንበርክኬያለሁ፤
በአፌ ባትሪ ነክሼ፣ በጣቴ አቧራ እጠርጋለሁ።

የቀድሞው ኮምፒዩተር አሥራ አንድ ዓመት አገልግሏታል፤
የባሕሩ ጨው በልቶት ብሎኑ ሁሉ ዝጓል፣
ካፓሲተሩ እንደ ሽምብራ ንፍሮ አብጦ ፈንድቷል።
«ሞቷል» አለኝ ሺጁ፣ የኬረላው ልጅ፣ ሻዩን ፉት እያለ፤
ከሻርጃ ገበያ፣ በሦስት መቶ ድርሃም፣
ያገለገለ አንዱን በፌስታል አንጠለጠለ።

ገጠምነው። ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኗም በራ፤
መንገዱ ግን ተለጥጦ፣ ሣሩ ሐምራዊ ሆኖ፣ ተጣሞ ከነተራራ።
መሪዋ? መሪዋማ በድን፤ ብነቀንቃት ዝም፤
ፍሬን ብረግጥ፣ ማርሽ ብገፋ፣ የሚሰማኝ የለም።
ከዚያ በነጭ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ ሰሌዳ፣
አንድ መስኮት ተከፈተ፤
ሺጁ አነበበልኝ፣ መርዶ እንደሚያረዳ፦
«ድራይቨር አልተገኘም።»

ድራይቨር፣ ሾፌር ማለት ነው። ሳቄ አመለጠኝ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከኮምቦልቻ ሚሌ፣ ከሚሌ ጋላፊ፣
መንገድ የጨረሰኝ፣
ሎግያ ላይ ጎማ ስፈታ አስፋልት የጠበሰኝ፣
እኔ ፊቷ ቁጭ ብዬ፣ ሾፌር አጣሁ አለችኝ።

«ይሄኛው ሾፌር እኮ፣ እንድሪስ ባይ፣ አይበላ፣ አይተኛ፤
በኮምፒዩተሩና በመሪው ሞተር መሐል የሚሮጥ መልእክተኛ፤
ያለ እርሱ ሁለቱ፣ አንድ ክፍል እያደሩ
ቋንቋ ያልተጋሩ ናቸው፣ ልክ እንደኛ።»

ያንን ሾፌር ፈልገን ከአሮጌው ዲስክ ቀዳነው፤
አዲሱ ግን በሩን ዘጋበት፤ «ይሄ ደግሞ ማነው?
ፊርማ የለው፣ ማኅተም የለው፤
አልቀበልም» አለው።

ይህን ቃል አውቀዋለሁ።
በመጣሁ በወሩ፣ መንጃ ፈቃድ ቢሮ፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ፣
ጠርዙ የተበላ፣ ላቤን የጠጣ ወረቀቴን
በመስታወቱ ሥር አሾለክሁ፣ ሰውየው እንዲያይ።
ገለባበጠው። አልተቆጣም፣ አልሳቀም፤
በሁለት ጣቱ ገፍቶ መለሰልኝ፦
ፊርማው አይታወቅም።
ከዚያ ወዲህ የጨበጥኩት መሪ ይሄ ፕላስቲክ ነው።

ሺጁ ግን ብልሃት አለው። አጥፍቶ ሲያስነሳት አንድ ቁልፍ ረገጠ፤
«ለዛሬ ፊርማ አትጠይቂ» የሚለውን መስመር መረጠ።
«ወደቡም ስህተት ነው» አለ፣ «ሦስት ላይ ሲጠበቅ አንድ ላይ ቆሟል።»
ይህንስ ለኔ! ወደብ የተሳሳተ መኪና
ስንት ቀን ፀሐይ ላይ ያድራል?

ቁጥሩን ለወጠ። መሪዋ ድንገት ተንቀጠቀጠች፣
እንደ ታሰረ ወይፈን ግራና ቀኝ ታገለች፣
መሐሏን ፈልጋ ቆመች፤ ቆመች ልበል እንጂ
በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ ወደ ግራ ዘንበል አለች።

ልንዘጋት ስንል ነው ያየሁት፦ የአሸናፊዎቹ ዝርዝር ባዶ ነው።
ከረመዳን ጀምሮ አንደኛው ማጂድ ነበር፤
ዘጠኝ ዓመቱ፣ እግሩ ፔዳል አይደርስም፣
ከወንበሩ ጠርዝ ተንሸራትቶ፣ ተንጠራርቶ ነው የሚነዳው።
ዓርብ መጥቶ ስሙን ሲያጣ ማን ምን ይለዋል?
አሮጌውን ዲስክ ዳግም ሰካን፤ እያቃሰተ ዞረ፤
አሥሩንም ስም አንድ በአንድ፣ ሳይጎድል፣ አሻገረ።

ለሙከራ ተቀመጥኩ። ሳንቲም መጉረሻዋን ሺጁ በሽቦ ሸነገላት።
ጠጠሩን ስረግጥ መሪዋ በመዳፌ ነዘረች፤
እጄም እኔን ሳይጠይቅ ማርሽ ቀነሰ፣ ቁልቁለት ስላየ፤
መታጠፊያው ላይ ሰፋ አድርጌ ዞርኩ፣ ኋላዬን እያየሁ፣
ተሳቢ እንደሌለኝ ረስቼ።

አሥራ አንደኛ ወጣሁ።
ዝርዝሩ አሥር ሰው ብቻ ይይዛል።

«ወደ ግራ ትስባለች» አለ ሺጁ፣ መፍቻውን አንስቶ፣ «ላስተካክላት?»
«ተዋት» አልኩት።
የኔዋም ትስብ ነበር።