ክብርት ከንቲባ ክሎቲልድ

ሎዋር የሚሉት ወንዝ ከደረቀ ወዲያ፣
ጀልባችን ሆነልን የዶሮ ማደሪያ።
ሰማዩ ቢጫ ነው፣ እንደ ታማሚ ዐይን፤
ፀሐይን ካየናት ስንት ዓመት ይሆን?

አሥራ አንድ ሰው ቀረን። አንሰልም ጸሐፊው
በየማለዳው ነው ስም የሚለቅመው፦
«ኦክታቭ?» «አለሁ።»
«ሶላንዥ?» «ምን አባቴ ልሁን፣ አለሁ።»
የሞተ ሰው ስም ላይ ሲደርስ ትንሽ ይቆያል፤
ጨዋ ነው፣ ለመልስ ጊዜ ይሰጣል።

ሹም ያስፈልጋል ተብሎ ድምፅ ተሰጠና
ሁሉም ለራሱ አንድ፣ አንድ አገኘና
በእኩል ተለያየን።
በሁለተኛው ዙር፣ ማንም ያልጠላትን
ዶሮዋን መረጥን።
ሦስት ቀለም ሪባን አንገቷ ላይ ቋጠርን፤
መሐላዋን በኩሷ ስታጸድቅ፣ ቆመን አጨበጨብን።

በቀን አንድ እንቁላል፣ ይኸው ነው በጀታችን፤
አስኳሉ በዕጣ ነው፣ ነጩ በየተራችን።
ቅርፊቱን ፊርሚን ፈጭቶ ይቅማል፣
«ለጥርሴ ነው» ይላል።
ጥርስ የለውም።

አንድ ሰኞ (ሰኞ ነው ያለው አንሰልም ነው) እንቁላል ጠፋ።
ማክሰኞም ጠፋ።
ረቡዕ ኦክታቭ ትልቁን ድስት ሲያጥብ ታየ፤
«አቧራ ይዞት ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።
ሶላንዥም «ጨው ያለው አለ?» አለች፣
እንዲያው ለወሬ ያህል።

አንሰልም ሕጉን ገለጠ፦
«በሥልጣን ላይ ያለ ከንቲባ አይበላም።
የሥራ ዘመኗ ሊያልቅ ሰባት ወር ይቀራል።
መሻር ይቻላል፤ መሻሪያው ማኅተም ይፈልጋል፤
ማኅተሙን አምና ክረምት ቀቅለን በልተነዋል።»
ጎማ ነበር። እስካሁን ያገሳናል።

ደግሞስ በምን ይታረዳል? ስለት የሚባል፣ መላጫው ሳይቀር፣
ባንድ ከረጢት ድንች ለመንገደኛ ሸጠን ነበር፤
ድንቹም ድንጋይ ነበር።
አንገቷን የሚጠመዝዝ እጅ ሲፈለግ
እጁን ኪሱ ያልከተተ አልነበረም።
ከንቲባ ናት። ነገ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል?

እሷ ግን ትጭራለች።
ከማዘጋጃ ቤቱ ደጅ፣ ከአመዱ ክምር ላይ፣
ጥሬ የሚባል ነገር በዓለም የቀረ ይመስል
ጭራ፣ ጭራ፣ ደግሞ ጭራ፣
ትል አገኘች ስንል
አወጣች፦
የብር እጀታ ያለው፣ ዝገት ያልደፈረው፣
የሰርግ ቤት ካራ።

ምን አስቸኮላት? ተረት ልትፈጽም ነው?

ዝም ተባለ።
አሥራ አንድ ሰው፣ አንድ ካራ።
መጀመሪያ ሁላችን እሷን አየን።
ቀጥሎ (ይህን አንሰልም መዝገብ ላይ አላሰፈረውም)
እርስ በርስ ተያየን።
ፊርሚን ወፍራም መሆኑን ያስተዋልኩት ያኔ ነው።
ኦክታቭም እኔን ከትከሻ እስከ ባት
በዐይኑ መዝኖኝ፣ ፈገግ አለ።

«ካራው ማን ዘንድ ይደር?» አለች ሶላንዥ።
አሥራ አንድ አፍ ተከፈተ፣
አሥራ አንድ አፍ ተዘጋ።
በመጨረሻ ከከንቲባዋ አንገት፣ ከሪባኑ ሥር
አሰርነው፣ ስለቱን ወደ ውጭ።

ማታውን እንቅልፍ የጠገበ እሷ ብቻ ናት፤
ጀልባው ጫፍ ላይ ወጥታ፣
አንድ እግሯን አጥፋ፣
ካራዋን ታጥቃ።

ዓርብ ጠዋት አንሰልም ስም ጠራ።
«ኦክታቭ?»
ትንሽ ቆየ። ለመልስ ጊዜ ሰጠ።
«ሶላንዥ?»
«አለሁ» አለች፣ ዛሬ ያለ ምሬት።

ሪባኑ በቦታው ነው፣ ካራውም በቦታው።
ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል፤
ማን እንዳጠበው የጠየቀ የለም።
ጀልባው ውስጥ ግን እንቁላል ነበር፣ ገና ትኩስ።

ዕጣው ለእኔ ወጣ።
አስኳሉ ሁለት ነበር።