የሚዛን ቤት ሰው

ቱሉ ዲምቱ ዳር ላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረት ሲጀምር፣
መኪና መመዘን ነው ሥራዬ፣ ክብደት በቁጥር።
ሲኖ ትራክ ሲወጣ ብረቱ ያቃስታል፣
ከመስታወቱ ጀርባ ቀይ ቁጥር ይበራል።
ቁጥሩ ዋሽቶ አያውቅም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት፣
በሁለት መቶ ብር ስንቱን ቶን አቀለልኩት።

የዚያን ዕለት ማታ፣ አሸዋ ያዘለ
አንዱ መጣ፣ ከልኩ ዘጠኝ ቶን የዘለለ።
«አሳልፈኝ ጋሼ» አለኝ በጥቅሻ፤
«ትርፍ የለም» ጻፍኩለት ከገጹ መጨረሻ።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው።
መብራት ጠፍቶ ነበር። እታፈራሁ ልጇን
ሻማ ግዢ ብላ ልካት ነበርና፣ ያገኛት እዚያ ነው።
ሲፈን ትባላለች። የሰባት ዓመት ልጅ።
ሻማው አልተሰበረም፤ እንደያዘችው ነበር፣ በግራ እጅ።

ሹፌሩ ታሰረ፣ ቂሊንጦ፣ ከኛ ማዶ፤
የኔን ደብተር ቢያዩት ትርፉ ነበር ባዶ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ቀርቼ አላውቅም።
ሰባኪው «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» ባለ ቁጥር
ቃሉን እንደ ብርድ ልብስ እስከ አገጬ ስቤ፣
ይምራል፣ ይተዋል፣ ይረሳል፣ እያልኩ በልቤ
ስሞቅ ከረምኩኝ። አንድ ቀን ግን ዞሬ
አየሁ በሴቶች በር።

እታፈራሁ ቆማለች፣ ጥቁር እንደ ለበሰች፣
እኔ የሰማሁትን እሷም ሰምታዋለች።
ለኔ እንደ ማር የጣመኝ ያ «ይረሳል» ያሉት
ማንን ነው የሚረሳው? በደሌን ነው? ወይስ ያችን ሕፃኒት?
ሲፈንን ከወደዳት ይቆጣል በኔ ላይ፤
ባይቆጣማ ኖሮ ምን ፍቅር አለ በሰማይ?
ፍርዱን ከፍቅሩ ለይቼ ስሸሽ የኖርኩት ሰው
ለካ ቁጣ ያልኩት፣ ያችን ልጅ አልረሳም ማለቱ ነው።

ሌሊት ደግሞ፣ በተረኛዬ፣ ውሻው ሲያላዝን፣
እገለብጠዋለሁ ያንኑ ሚዛን፦
ቶኑን በቶን ቆጥሮ ከፈረደስ ኖሮ
ማን ይተርፋል እዚያ ብረት ላይ ተሰፍሮ?
እሷም ትል ይሆናል፣ ከእንቅልፏ ነቅታ፣
«እኔ ነኝ የላክኋት በዚያ ክፉ ማታ።»

ስቅለት ደረሰ። ጸሐዩ ይፋጃል፣
ሕዝቡ ይሰግዳል፣ አቧራው ይነሣል።
ግንባሬ መሬት ነክቶ ቀና ስል ሥዕሉን አየሁት።
ሥራዬን አውቃለሁ፤ ብዙ ነገር መዘንኩ፣
ሲሚንቶ፣ ጠጠር፣ ሰንጋ፣ ብረት፤
መዛኙ ራሱ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን የዚያን ቀን ነው ያየሁት።
ቁጥሩን አልፋቀም። «ትርፍ የለም» አላለም።
ሙሉውን ጻፈና፣ ዘጠኙን ቶን ሳይነካ፣
ወጣበት በራሱ።
ብረቱ አቃሰተ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቃሰተ።

ከዚያ መምሬ ገብረ ሐና ዘንድ ቀረብኩ፣ በወይራው ቅጠል
ጀርባዬን ሊመቱ፣ ስግደቴን ሊሰፍሩ። ነገርኳቸው።
ወይራው አየር ላይ ቀረ።
ቁጥር ጠበቅሁ። ሦስት መቶ? አምስት መቶ?
የለመድኩት ቁጥር ነው፤ ከፍሎ መሄድ።
«ላንተ ቁጥር የለኝም» አሉኝ። «ሂድ፣ ንገራት።
ከዚያ ደግሞ ለዳኛው።»
«ምሕረቱስ፣ አባ?»
«እሱ ነው» አሉ፣
ወይራውንም ቀስ አድርገው፣ እንደ እናት፣ ትከሻዬ ላይ አኖሩ።

ይኸው ቆሜያለሁ። በሩ ቆርቆሮ ነው፣ ታችኛው ጠርዙ ዝጓል።
ሰፈሩ ዛሬም መብራት አጥቷል።
የማወቀውን ጸሎት ሁሉ ረስቼ
ዘጠኝ ቶን፣ ዘጠኝ ቶን እላለሁ፣ ከንፈሬን ነክሼ።
አንኳኳሁ።
ውስጥ ክብሪት ተጫረ። በበሩ ስር ቀጭን ብርሃን ተሳበ፣
ኮቴዋ ቀረበ፣ ብርሃኑም ቀረበ፣
«ማነው?»