አባዳማ ቴክሳስ ገባ

ሠላሳ አንድ ዓመት ቡና ሲመዝን ኖሮ፣
ነዚፍ አባዳማ ጡረታ ወጣ ካኪውን ቀይሮ።
«ዛሬ እኔ ነኝ ጋባዥ፣ እምቢ እንዳትለኝ፤
ፈረንጅ አራዳ ላይ ቴክሳስ ተከፍቷል» አለኝ።

በሩ ላይ አንድ ፈረስ፣ ከዋንዛ የጠረቡት፣
ሁለት የለስላሳ ቆርኪ ዐይን ብለው የመቱት፤
ግድግዳው ላይ ገመድ፣ ኮርቻ፣ የበሬ ቀንድ፣
«ይፈለጋል» የሚል የሽፍታ ምስል አንድ።
ቀርቤ ሳየው ግን፣ ቅንድቡም ጥርሱም ያው፣
ሽፍታ የተባለው ጎማ ለጣፊው ሻፊ ነው።

አስተናጋጇ ዘምዘም፣ ሃያም አይሞላት፣
ከሻሿ በላይ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተውባት፣
የቆርቆሮ ኮከብ ደረቷ ላይ ሰክተውባት፣
«ደሙ ይታይ ጋሼ? ወይስ በደንብ ይድረቅ?»
ነዚፍ ዝርዝሩን አጠፈና፣ አንገቱን ዝቅ፣
ድምፁንም ዝቅ፦ «ልጄ፣ ቢላው የማን ነው? ያንን ልወቅ።»

እኔ ወደ መስኮት አየሁ፣ እሱ ወደ ጨው ማስቀመጫ፤
ይህች ጥያቄ መሀላችን ኖራለች፣ እንደ ሦስተኛ መቀመጫ።
የመጋዘን አቧራ፣ ወባ፣ የደመወዝ ብድር፣ የአውቶቡስ ወንበር
ተካፍለናል፤ ሥጋ ግን ከአንድ ቤት ቆርሰን አናውቅም ነበር።
የሠርጌ ዕለት ጎህ ሲቀድ ጓሮዬ ገብቶ፣
ለወገኖቹ ሙክት ባረከልኝ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ታጥቦ፣ ጸድቶ።
ዳሱን በአቡጀዲ ከፈልነው፣ ወዲያ የሙስሊም፣ ወዲህ የክርስቲያን፤
በአቡጀዲው ቀዳዳ ብርዝና ቀልድ ሲያልፍ አመሸን።

ዘምዘም ሳቀች። «እዚህ ቤት ጋሼ፣ ምድጃው ሁለት ነው፤
አብሳዩም፣ ቢላውም፣ መቆንጠጫውም ለየብቻው።
እንዳይምታታ ደግሞ ትንሽ ባንዲራ እንሰካለን፤
ባለቤቱ ‹የቴክሳስ ወግ ነው› ይላል፣ እኛ ግን እናውቃለን።»

መጣ።
የነዚፍ አረንጓዴ፣ የኔ ቀይ ባንዲራ፣
ብረቱ ላይ ሲጮህ እንደ ቆርቆሮ ጣራ
የሐምሌ ዝናብ ሲወርድበት።
ቢላዬ እንደ መጋዝ ሄደ፣ ተመለሰ፤
በሬው ከሞተም ወዲያ ግትርነቱ አልቀነሰ።
«ይህ በሬ» አለ ነዚፍ፣ አኝኮ አኝኮ ሲደክመው፣
«አርሶ አርሶ ጡረታ የወጣ፣ የኔ እኩያ ነው።»

መሀላችን ድንች ነበረ፣ የተጠበሰ፣ አንድ ሳህን፣
ባንዲራ የሌለው።
እሱን ጨረስን።

ከዚያ ኮርቻውን አየና ዝም አለ።
«አያቴን» አለኝ ቆይቶ፣ «በስሙ የጠራው የለም፤
አባ ዳማ ነበር፣ በዚያ በዳማው ፈረሱ፤
ፈረሱ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም እሱ።
ይህችን እርካብ ቢያያት ‹ለዶሮ ነው ወይ?› ይል ነበር።»

ዘምዘም ይህን ሰምታ፣ ባርኔጣዋን አውልቃ ደፋችለት፤
ፎቶ አነሳችን።
እኔ ዐይኔን ጨፍኛለሁ። እሱ ግን ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ፣
ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አስጠግቶ፣
ልጓም እንደያዘ ሰው።

ሂሳቡ መጣ። አንብቦ አጠፈው፣ ከፈለ፤
ባጃጅ ልጠራ ስል ግን «በእግራችን እንሂድ» አለ።

ውጭ ዘንቦ አባርቷል፣ አዌቱ ከታች ይሰማል፤
የእንጨቱ ፈረስ በሩ ላይ በስብሶ ቆሟል።
ነዚፍ አለፈው። ተመለሰ። ግራ ቀኝ አየ፣
ውሃውን በመዳፉ ጠረገለት፣ ከጆሮው እስከ ትከሻ፣
ቀኑን ሙሉ ለተጋለበ ፈረስ እንደሚደረግ፣ ማምሻ።

እኔም ያላየሁ ለመምሰል
ያልተፈታ የጫማዬን ክር
ጎንበስ ብዬ አሠርሁ።