ደባል

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከደረጃው በታች፣
ጠረጴዛዬ አለች፣ ካንድ ሰው ያነሰች፤
ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ሰዓት ፈትቼ፣
የራሴን ረሳሁ አንድ ዓይኔን ዘግቼ።

ባለፈው ጥቅምት ላይ ጉልበቴ ሲከዳኝ፣
ሐኪሙ ደም አይቶ "ታይፎይድ ነው" አለኝ፤
ነጭ ክኒን ጻፈ፣ ጠዋትና ማታ፣
"ሰባት ቀን ይውሰዱ፣ ሳያቋርጡ ላፍታ።"

ጨጓራዬ ደግሞ የጥንት ጎረቤት ነው፤
ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሲመሽ ነው የሚብሰው።
ለሱ ማን ሐኪም ቤት ይሰለፋል?
ከሱቅ ነው የሚገዛ፤ ከማስቲካው አጠገብ፣ ከባትሪ ድንጋዩ በላይ ይንጠለጠላል፤
ናና ናና የሚል፣ ጠመኔ የመሰለ፣
ሲያኝኩት ምላስ ላይ ኖራ ሆኖ የዋለ።
ለምን ሁለት ጊዜ ውሃ ልጎንጭ? ብዬ፣
ነጩንና ናናውን ባንድ ጉንጭ አዳብዬ፣
አራት ቀን።

ትኩሳቱ ወይ ፍንክች።
ሌሊት ላብ ፍራሼን ያርሰዋል፣
ጥርሴ፣ ብሎኑ እንደላላ ጥርሳ-ጥርስ፣ ይንገጫገጫል።

በአምስተኛው ቀን ከፖስታ ቤቱ ማዶ ወዳለችው ፋርማሲ ሄድኩ፤
ለመጣላት ነው የሄድኩት።
"ክኒንሽ ውሸት ነው!" አልኳት፣ ሰው መሀል።
ትርሲት አልተቆጣችም። "ሌላ የሚወስዱት አለ?"
"ምንም።"
ዝም ብላ ጠበቀች።
ከደረት ኪሴ ብልጭ ያለውን ወረቀት አየችው።
"ይሄስ?"
"እሱማ ለቃር ነው። መድኃኒት አይደለም።"

"ጋሽ ወንድይፍራው" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
"አንድ ልጅ ደብዳቤ አስይዘው ፖስታ ቤት ቢልኩ፣
መንገድ ላይ አብሮ አደጉን ቢያገኝ፣ ቢተቃቀፉ፣
ትከሻ ለትከሻ ቢጋጩ፣
እናትህስ? ሰፈርስ? ያ ውሻችሁስ? ቢባባሉ —
መስኮቱ አይዘጋም?
እነዚህም እንደዚያው ናቸው። የቃሩ ውስጥ ያለው ማግኒዚየም ክኒኑን ካቀፈ አይለቅም።
ወደ ደም የሚያስገባው በር ጠባብ ነው፣ ተቃቅፈው አያልፉም፤
እንደተያያዙ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በኋላ በር ይወጣሉ።"

ወረፋ የያዙት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ እያተኮሰኝ።

"አራቱ ቀን እንደተዋጠ አይቆጠር፤ ዛሬውኑ ወደ ሐኪሙ ይመለሱ" አለች፤
ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ፦
ነጩ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት።
የቃሩ፣ ከሦስት በፊት አይነካ፣ ከሰባት በኋላም።
"ወተትም ያው ነው" ብላ ከሥሩ አሰመረችበት።
ሐኪሙ አዲስ ሰባት ቀን ጻፈልኝ፤ የካርቶኑንም ጽሑፍ አይቶ "ልክ ናት" አለ።

እነሆ ማታ ነው። ሰዓት ሠሪው ሰዓት የለኝም፤
ባለቤቱ ሳይመለስ የቀረ፣ ስሙ የጠፋብኝ ሰው ሰዓት ቆጥቁጬ
ትራሴ ሥር አድርጌያለሁ።
ቃሩ መጥቶ ደረቴን ያንኳኳል።
"ቆይ" እለዋለሁ፣
ስንቱን ደንበኛ "ነገ ና" ባልኩበት አፌ፣
"ልጁ ገና መንገድ ላይ ነው፤
ሳታየው ይለፍ።"

ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነው።