ቀጠሮው ይቅር

ዮተቦሪ ዝናብ ነው፤ ትራሙ ይዞራል፣
ቪልያም ከጎኔ ኮድ ይደረድራል።
እኔ ኮድ አላውቅም፤
ቅንፍ ተከፍቶ ቢቀር፣ ማን እንደሚዘጋው አልጠይቅም።
ቃል ነው የኔ ሥራ፤ በጣት ለሚነካ
ለጠባብ የስልክ ቁልፍ፣ ፊደል ስለካ።
ዘጠኝ ፊደል ብቻ፤ ከዚያ የተረፈ
ከቁልፉ ጠርዝ ላይ ጭራው ተገደፈ።

እናቴ ደውላ «ኮምፒውተር ትሠሪያለሽ?» አለች፤
«ቃል ነው የምመርጠው» ስላት ዝም ብላ ቆየች፣
ከዚያ፣ «ይከፈላል?»

ለክሊኒኩ ገጽ «ቀጠሮ ሰርዝ» ብዬ ነበር።
ማክሰኞ ለሙከራ ሐማርኩለን ስንሄድ፣
ወይዘሮ ጥሩሰው ስልኩን ተቀብለው፣
ጣታቸው ቁልፉ ጋ ደርሶ እዚያው ቆመ።
«ይጫኑት እንጂ» አልኳቸው።
«ልጄ ይምጣ ቆይ፤
‹ሰርዝ› ነው የሚለው፤ እሱን ነው የሚያዘው፤
እኔን አልጠራኝም፣ ምን አግብቶኝ ልንካው?»

ሰርዝ፤ ሰርዢ፤ ይሰርዙ።
አንዱ ለወንድ ተሰፍቶ፣ አንዱ ለሴት ተጣቦ፣
ሦስተኛው ጎረምሳውን አንቱ ብሎ ያስቀዋል።
ትራም ውስጥ አጉተመተምኩ፣ ገላዬን ስታጠብ አጉተመተምኩ፣
አሥራ አንድ ቀን ፈጀ።
ቪልያም ለውጡን ባንድ ደቂቃ አበጀ።
«ይኸው ነው?» አለ።
«ይኸው ነው።»

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ጥሩሰው መነጽራቸውን ጠርገው አነበቡ፦
«ቀጠሮው ይቅር።»
«ይቅር ማለት እንኳ ለምጃለሁ» አሉና ተጫኑት፤
ልጃቸው ገና መንገድ ላይ ነበር።
ወዲያው ሌላ ሣጥን ብቅ አለ፦
«እርግጠኛ ነህ?»
ቀና ብለው አዩኝ።