ስድስተኛው ቆርቆሮ

ስድስት ነበሩ ቆርቆሮዎቹ
ከኮምቦልቻ ሲወጡ፣ በአውቶቡሱ ጣራ፣
ከበርበሬ ጆንያ፣ ከሁለት ፍየል ጋራ፤
በሐረጎ ጥምዝ ላይ መኪናው ሲያቃስት
ቆጠርኳቸው ደግሜ፤ አንድ፣ ሁለት… ስድስት።
ገመዱን ከክንዴ ሦስቴ ጠምጥሜ፣
ቁልቁል እንዳላይ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቆሜ።

የቀለም ፊልም ነው የሚል ወሬ ሰፋ፣
እስከ ሸዋ በር ሰው ያዘ ወረፋ፤
እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ በሸራ መንደር
ደም ጥቁር ነበረ፣ ሰማይ አመድ ነበር፤
ሙሽራው፣ ወታደሩ፣ ባሕሩ፣ ፈረሱ
ከጦሳ ጭጋግ ላይ ቆርጠው የለበሱ።

ከሸራው ጥግ ቆሞ፣ የሸምበቆ ዘንግ ይዞ፣
እንድሪስ ይነግረናል ከልቡ መዝዞ፤
ሦስት ቃል ነው ያለው የፈረንጅ አፍ ስንቁ፣
ለጎደለው ሁሉ ይበቃል ያ ሳቁ።
«ይቺ ልጅ ድሃ ናት፣ አባት እናት የላት፤
ጥርሷ መሰላል ነው፣ ዓይኗ ቁልፍ ሆናት፤
ካንዱ ጌታ ትከሻ ወዳንዱ ትዘላለች፣
ጫማዋን ሳትጠርግ ሳሎን ትገባለች።»
ይህን ሲል ዘንጉ ግን ሸራውን ለቀቀ፤
ወደ ሰገነቱ ተነሣ፣ የታቹ ሰው ሳቀ።

አልጋነሽ ናት እሷ።
ከታች ከቦርከና ዳር፣ ጥጥ ለቃሚ እናቷ፤
በጭነት መኪና ላይ የመጣ ንብረቷ
አንድ ሻሽ፣ አንድ ማበጠሪያ።
በፈረንጅ ሐኪም ቤት ልብስ አጣቢ መጀመሪያ፣
ኋላ ጠርዝ ሰፊ፣
ኋላ ወዳጅ ለጉምሩክ ጸሐፊ፣
ኋላማ ስሙ አይጠራም፣ መጋዘኑ ይጠራል።
የፊቱ አግዳሚ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ሰገነቱ ብር ያስከፍላል፤
እሷም ወንበር በወንበር፣ ዓመት በዓመት፣
ወደ ላይ ስትወጣ አይቻለሁ፣ ትኬት ስቆርጥላት።
ያን ለታ ካፖርቷ የትውስት ነው አሉ፤
የነጋዴ ሚስቶች በዓይናቸው ገልብጠው ገበሩን ሲያሰሉ።

ሸራው ላይ ጭፈራ፤ ድንገት መድፍ ሲያጓራ
ሻማው ድርግም አለ፣
ቀይ ካባ ወረደ በደረጃው በተራ።
ቀይ!
ሰው «ኡኡ» አለ፤ የፊቱ አግዳሚ ተነሣ፣
እንድሪስም ደንግጦ ቀልዱን ለአፍታ ረሳ።
ያኔ የሸራዋ ሴት ብቻዋን ቀርታ
አንድ ነገር አለች፣ ወደኛ ዞራ፣ በእርጋታ።
እንድሪስ፦ «‹ወንድ ሁሉ ሞኝ ነው› እያለች ነው!» ሲለን
ከሰገነቱ፦ «ውሸት!» የሚል ድምፅ ሰማን።

«እንዲህ አላለችም» አለች አልጋነሽ። ደረጃውን
ወረደች፤ እንጨቱ ሲንቋቋ ቆጠርን አሥራ አንዱን።
ካፖርቱን ለአንድ ልጅ አስይዛ ከሸራው ፊት ቆመች፣
ልብስ ስታጥብ፣ ከጓሮ፣ የቃረመችውን ቋንቋ ፈታች፦
«‹ላይ የተወለደ ሰው ዳገት አያውቅም፤
ትንፋሼን ሰምቶ ነው ሌባ ያለኝ።›»

ማንም አልሳቀ።
ብርሃኑ ነጭ ቀሚሷ ላይ ወደቀ፤
ቀዩ ካባ በደረቷ፣ ሰማያዊው በጉንጯ አለፈ፣
እጄ ከመሣሪያው ላይ ደረቀ።

እስከ አምስተኛው ቆርቆሮ እሷ ናት የፈታችልን።
እንድሪስ ዘንጉን ተደግፎ እንደ ደቀ መዝሙር አዳመጠ።
ያለችው እውነት ይሁን አይሁን ማን ያውቃል?
አንዳንዴ የሸራዋ ሴት ዝም ስትል
እሷ ትቀጥል ነበር።

ስድስተኛው አልታየም።
«ገመዱ ላልቶ ሐረጎ ላይ ገደል ገባ» አልኩ።
ጌታዬ በጥፊ መታኝ፣ የወር ደመወዜን በላኝ፤
ሰው መጨረሻውን እየተከራከረ ወደ ጭጋጉ ወጣ፣
ዳነች የሚል፣ አገባች የሚል፣ ወደቀች የሚል።
አልጋነሽ ካፖርቷን ደረበች።
«መጨረሻ የለውማ» አለች፤
ኮሌታዋን አቅንታ በፊት በር ሄደች።

ውሸቴን ነበር።
ያን ቀን ከሰዓት፣ አዳራሹ ባዶ ሳለ፣
ብቻዬን አይቼው ነበር፣ እስከ ጫፉ።
ቆርቆሮው ይኸው አልጋዬ ሥር አርባ ዓመቱ፣
ዝጎ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ፤
የልጄ ልጅ እየነቀነቀው
«አያ፣ ምንድን ነው ያለበት?» ሲለኝ
«ቁልቁለት» እለዋለሁ፣
«ተወው፣ አትክፈት።»