ወረቀት በኪሎ

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ማኅተም ያረፈበት፣
ባለ ሦስት መስመር፣ ጭማሪ ያለበት፣
ደብዳቤ ላከልኝ የልጆቼ ትምህርት ቤት።
«የተከበሩ ወላጅ፣ ስለ ትብብርዎ»
ብሎ አመስግኖ ያልፋል፣ ምንም ሳይል ስላቅምዎ።

ደመርኩት፣ ቀነስኩት፣ በሁለት ልጅ አባዛሁት፤
ከቤት ኪራይ ነጠቅኩት፣ ከዘይቱ ቆረጥኩት፣
ታክሲውን በእግር ተካሁት፤
ከዜሮ በታች ነው ዞሬ ያገኘሁት።

«ዘንድሮ እቤት ነው የምንማረው» ስላቸው፣
ሶስና ዝም ብላ ጫማዋን አየችው፤
ባሮክ ግን ጥያቄ ነበረው፦
«ደወሉን ማን ሊመታው?»

ቅዳሜ ማለዳ፣ ካራት ኪሎ ቁልቁል፣
ካፊያው ሳያባራ፣ ነጠላዬን ጥቅልል፤
ማተሚያ ቤት ጓሮ፣ ዘበኛው በር ላይ፣ ሚዛን ተንጠልጥሏል።
ከመጻሕፍት ጠርዝ ላይ መቁረጫው የጣለው
ወረቀት አለ እዚያ፣ በኪሎ የሚሸጠው፣
ልክ እንደ ሽንኩርት በማዳበሪያ ያለው።
ቁመቱ የክንዴ፣ ስፋቱ የመዳፌ፤
ባይኔ ለካሁና «ይሰፋል በመርፌ»
አልኩ ለራሴ።

«ምን ልታደርጊው ነው?» መዛኙ ጠየቀኝ፤
«ደብተር» አልኩት። ሳቀ።
ከዚያ ዝም አለና ደግሞ ጨመረልኝ፣
ከሚዛኑ ውጪ፣ አንድ ትልቅ እፍኝ።

ለገሃር ወረድኩ። ጋሽ ዘርጋው ላስቲኩን
ገለጥ እያደረገ ያራግፋል ዝናቡን።
«ያምስተኛ ሳይንስ፣ የሦስተኛ ሒሳብ?»
«አዲሱን ከሆነ በቅርቡም አይታሰብ።
ያለው ስልክ ውስጥ ነው፤ ማሳተሚያው ገጹ በአራት ብር፣
ሁለት መቶ ገጽ ነው፣ ቁጭ ብሎ ለሚደምር።
አሮጌው ግን ይኸው። ‹ተቀየረ› ቢሉም እኔ አላምናቸው፤
ውኃ እንደሁ ዛሬም መቶ ላይ ነው የሚፈላው።»

ሦስት መቶ አለ። ሄድኩ። ጠራኝ። ተመለስኩ።
መቶ ሰማንያ ብር ቆጥሬ ከፈልኩ።
ደግሞ አንድ ካርታ አየሁ፣ ጥጉ የተቀደደበት፣
ሶቪየት ኅብረት በቀይ የሰፋበት።
«ይኼስ?»
«እሱ በግማሽ፤ የሌለ አገር አለበት።»
ገዛሁት። ለጂኦግራፊ ባይሆን፣ ለታሪክ ምናልባት።

ማታ። የቁም ሣጥኑን በር ነቅዬ ጥቁር ቀለም ቀባሁት፤
ከግሮሰሪው የለመንኩትን ቆርኪ በሲባጎ ሰካሁት፤
ያን የኪሎ ወረቀት በፍራሽ መርፌ ሰፋሁት።
ከዚያ ላጲስ ይዤ፣ ባሮጌው መጽሐፍ ላይ፣
አንድ የማላውቀው ልጅ የሞላውን መልስ
አጠፋለሁ፦ «ሳንባ»፣ «ሐሰት»፣ «ሐ»፣ «ፀሐይ»፤
የኔዎቹ የራሳቸውን እስኪጽፉ፣
ቦታው ባዶ እንዲቆይ።

ገጽ ሰማንያ አንድ ላይ እጄ ቆመ።
«አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ መቶ ሳይደርስ
ለምን ይፈላል?» ይላል።
ከሥሩ፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል፣
«አላውቅም» ተብሏል።

አሥረኛ ክፍል ነው የኔ መጨረሻዬ፤
ከሳይንስ ሸሽቼ፣ ታይፕ ነው እንጀራዬ።
እኔም አላውቅም።
ጋሽ ዘርጋውም አያውቅም።
ላጲሱን አስቀመጥኩ፤
እሱን አላጠፋሁም።

ሰኞ ጠዋት፣ ወንበር ስላልበቃን
አልጋው ጫፍ ላይ ሆንን፣
ቡታጋዙ ላይ ድስት ጥደን።
ቴርሞሜትር የለን፤
ፒያሳ ዋጋውን ጠይቄ፣ አመስግኜ ነው የወጣሁት።
በዓይናችን ብቻ፣ ሦስታችን፣
ውኃው ላይ አፈጠጥን።
ሶስና በዚያ ጠባብ ደብተር፣
ቃል በቃል ላይ እየደረበች፣ እንደ ደረጃ ጻፈች፦
መጀመሪያ
ዝም
ይላል።
ከዚያ
ያፏጫል።

ክዳኑ ተንቀጠቀጠ፣ ተንኳኳ፣ እንፋሎቱ ወጣ።
«ተደወለ!» አለ ባሮክ።
ከክፍሉ ግን ማንም አልወጣ።